ከአልቲንታሽ የተዋስከው ቫልቭ

አሊያጋ፣ መርከብ መፍረሻው ሰፈር
በመጋቢት ወር

ለማከብርህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ይድረስ፤

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በአገሪቱ ካሉት የማታ ተማሪዎች ሁሉ አንደኛ በወጣ ሰው እጅ ነው። እሺ፣ ከአገሪቱ ሳይሆን ከአሊያጋ። ከአሊያጋም ከእኛ ክፍል፣ ከክፍላችንም ከወንዶቹ። ወንዶቹ ሁለት ነን፤ ሌላኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ትምህርቱ ሲጀመር ተደፍቶ ይተኛል፣ ሲያልቅ እንቀሰቅሰዋለን። ሴቶቹ ስንት ሆነው እንደቀደሙኝ አትጠይቀኝ። ብቻ ይህን እወቅልኝ፤ የጎረቤት ልጅ ለምኜ አላስጻፍኩም፣ እጁም አፉም የራሴ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የባሕሩ እርጥበት ሲመጣ አሁንም ይቆረጥምሃል? ባለቤትህ እትዬ ናዚሬ ደህና ናት? ልጆቹ ከኢስታንቡል ብቅ ይላሉ? እኛ ደህና ነን። ሳሌ ቀንሶልኛል። አንድ ጥርሴ ወልቋል፤ ከኋላ ስለሆነ መልኬ አልተጓደለም። ባለቤቴ እንደምታውቃት ናት፤ እኔን ስትቆጣ ውላ ላንተ ሲሆን "ሰላም በልልኝ" ብላ ፈገግ ትላለች።

እንደማትበላ፣ ከቤት እንደማትወጣ፣ ፂምህንም ዝም ብለህ እንዳሳደግከው ማንም አልነገረኝም። በተለይ እትዬ ናዚሬ፣ ሐሙስ ሐሙስ አንተ ጋደም ስትል ወጥ ቤት ገብታ ደውላ አልነገረችኝም። ስለዚህ እሷን እንዳትቆጣ።

ከተኳረፍን ይኸው ሁለተኛ ክረምታችን አለፈ። ያን ቀን የሆነውን እንዳልረሳሁት እንድታውቅ አንድ በአንድ ልጻፍልህ።

መርከብህን ዴሚርካያን ጎትተው ሲያመጡልን ስሟንም ቁጥሯንም በግራጫ ቀለም ደፍነውት ነበር። ለመፍረስ የተሸጠ የጦር መርከብ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመጣው፣ ስሙን አስረክቦ። አለቃችን ኤክሬም "ግራጫዋን ጀምሩ" አለን፣ ጀመርናት። ከአፍንጫዋ ነው የሚጀመረው፤ አፍንጫዋ አሸዋው ላይ ይወጣል፣ በቆረጥናት ቁጥር ትቀላለች፣ በቀለለች ቁጥር በሰንሰለት ወደ ምድር እንስባታለን። አንተ ሰምተህ ስትደርስ ግማሿ አልቆ ነበር። እኔ ከእሷው የተቆረጠ ብረት ላይ ተቀምጬ ዳቦና ወይራ እበላለሁ። ሰላም ሳትለኝ አልፈኸኝ ወደ ኋላዋ ሄድክ። ከቀለሙ ስር በብየዳ ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን ፊደሎች በመዳፍህ ዳሰስካቸው። ከዚያ ዘወር አልክና፣ "አንተ፣ ይቺ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?" አልከኝ። "መርከብ ናታ" አልኩህ። እኔ ስደነግጥ እቀልዳለሁ፣ ታውቀኛለህ። "አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩባት ቤቴ ናት። ስሟ ጀርባዋ ላይ አለ። አንተ ግን ማንበብ የማትችል ከብት ስለሆንክ ማን እንደሆነች ሳታውቅ አረድካት" አልከኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ተመልሰህ ሄድክ።

ስለ መቁረጡ ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የጻፍኩት። እንጀራዬ ነው። እኔ ባልቆርጣት ሌላው ይቆርጣታል፣ ሌላው ደግሞ እንደ እኔ ቀጥ አድርጎ አይቆርጣትም። በዚህ ዳርቻ እንደ እኔ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ እንደሌለ ኤክሬምን ጠይቅ። ወይም ተወው፣ አትጠይቀው፤ ቀናተኛ ነው። "ማንበብ የማትችል" ያልከኝ ግን ወጋኝ፤ እውነት ስለሆነ ወጋኝ። አንተን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ወሰደህ፣ እኔን የአባታችን ትምባሆ አስቀረኝ። ማንም አልበደለኝም፣ ቅጠል የሚለቅም እጅ ያስፈልግ ነበር።

መስከረም ላይ ሄጄ ተመዘገብኩ። አስተማሪዬ በዕድሜ ልጄ ናት። "አጎቴ፣ እርሳሱን እንደ ጋዝ መቁረጫ አትጨብጠው፣ ወረቀቱ አይቃጠልም" ትለኛለች። እኔም "አይታወቅም፣ እኔ ስይዘው ሊቃጠል ይችላል" እላታለሁ። የመጀመሪያውን ወር ፊደሎቹ ሁሉ መንጠቆና ሰንሰለት ይመስሉኝ ነበር። በኋላ አንድ ቀን በአውቶቡስ ስሄድ የጫማ ቤቱን ስም ሳላስበው አነበብኩት። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ሹፌሩ የምወርድ መስሎት አቆመልኝ።

ማንበብ መቻሌን ኤክሬም እንደሰማ ከመቁረጫው አንስቶ የመለዋወጫ መጋዘኑ ላይ ሾመኝ። ሹመት ነው። ጀርባዬም ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፣ ግን ሹመት ነው። ከየመርከቡ የወጣው እቃ እዚያ ይከማቻል። ሰዓቱን፣ ሳህኑን፣ አልጋውን፣ መብራቱን በመንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች ይወስዱታል፤ ሰዉ ሳሎኑን መርከብ ማስመሰል ይወዳል። የቦይለር እቃ ግን ማን ይገዛል? ቫልቭ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል የለም። ስለዚህ አንተ የሠራህበት የዴሚርካያ የቦይለር ክፍል እቃ እንዳለ አንዱ ጥግ ተከምሮ አቧራ ይጠጣል። አውጥቼ የምሸጠው መስሎህ ይሆናል። ቁርጥራጭ ብረት ጫኙ መኪና ሲመጣ ያን ጥግ በሸራ እሸፍነዋለሁ። ኤክሬም እያየ ያልፈኛል።

የካቲት ላይ ታህሲን የሚባል ሰው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ የሚራመድ ነው። እናንተ ጋ ሙዳንያ ያለችው የሙዚየም መርከብ፣ የአልቲንታሽ ኃላፊ ነኝ አለኝ። "ጡረታ የወጡት የእነዚያ አጥፊ የሚባሉት የጦር መርከቦች እቃ ይኖርሃል? አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠርተው ኋላ ለእኛ የሰጡን፣ እህትማማቾቹ?" ሲለኝ ወንበር አቀረብኩለት። "ልጄ፣ ስለ እነሱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቢኖር ሞቷል" አልኩት።

አንተ በየሠርጉ፣ በየበዓሉ ያወራኸውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ንድፋቸው አንድ፣ የሠሯቸው ፋብሪካዎች ግን ብዙ ስለሆኑ የአንዷ በር ለሌላዋ ጣት ያህል እንደሚጠብ። ቦይለሩ ሲነሳ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች እንደሚንጫጩ። በበጋ ከታች ያለው ሰው ጨው እየላሰ እንደሚሠራ። ሁለቱን ቦይለሮች በድምፃቸው ትለያቸው እንደነበር፣ የግራዋ ሁልጊዜ አኩራፊ እንደሆነች። አንዷ መርከብ ስታረጅ እህቶቿ ገና ሳትሞት እቃዋን እንደሚካፈሏት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ቆየና፣ "አባቴ፣ ስንት ዓመት አገለገልክ?" አለኝ። "አሥራ ስምንት" አልኩት። ምን ላድርግ፣ ያንተ ዓመት አፌ ላይ መጣ። ግን ወዲያው "እኔ ሳልሆን ወንድሜ ነው" ብዬ አረምኩት። ወዲያው ስልህ፣ ሻያችንን ከጠጣን በኋላ።

ታህሲን ከወንበሩ ብድግ አለ። የአልቲንታሽን የቦይለር ክፍል ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እንደቆለፉት ነገረኝ። ከታች ያለው ምን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የላቸውም። አንድ ጎብኚ ወርዶ ቢወድቅስ፣ አንዱ የማይነካውን ቢነካስ ብለው ፈርተዋል። የበጋው ጎብኚ ሳይመጣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ ካላገኙ መግቢያውን በብረት በይደው ሊዘጉት ወስነዋል። "አንዴ ከተበየደ ማንም አይከፍተውም" አለኝ። "ወንድምህ የት ነው ያሉት?"

"ሙዳንያ" አልኩት።

ሳቀ። "ሙዳንያ የት?"

"ከመርከብህ ፊት ለፊት። ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው የማይከፈተው ቤት።"

ሳቁን አቆመ። "እኚያ ሰውዬ ናቸው? ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ እኮ። ምን እንዳስቀየምኳቸው ሳስብ ነው የከረምኩት።"

እንዳይቀየምህ አስረዳሁት። የዴሚርካያ ሰው ለአልቲንታሽ ሰላም እንደማይል፣ "አልቲንታሽ መርከብ አይደለችም፣ ሞተር የገጠሙላት ሻይ ቤት ናት" ትል እንደነበር ነገርኩት። ከሁሉም መርከብ እሷ ተርፋ፣ ያውም በረንዳህ ስር ታስራ፣ ባንዲራ ተሰቅሎላት ስታያት ምን እንደሚሰማህም ልነግረው ፈለግኩ፤ ግን እሱን አንተም ነግረኸኝ አታውቅም።

ሲሄድ አልቲንታሽ ከአሜሪካ ይዛው የመጣችውን የድሮ ቁጥሯን መዳፌ ላይ በብዕር ጻፈልኝ። ይህ ቁጥር የተመታበት እቃ ካየህ የእሷ ነው፣ እንወስደዋለን አለኝ።

እንግዲህ አሁን ተቀምጠህ አንብብ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ ቁጥሩ ሳይለቅ፣ የዴሚርካያን ክምር በሽቦ ብሩሽ አንድ በአንድ ማጽዳት ጀመርኩ። አብዛኛው የራሷ ቁጥር ነው፤ እሱን ሳልማርም አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ክንድህ ላይ ተነቅሶ እንደ ሥዕል ሳየው ኖሬያለሁ። ከዚያ ትልቁ የውሃ መግቢያ ቫልቭ ጋ ደረስኩ፣ ከግራዋ ቦይለር የወጣው። አንገቱን ፈተግኩት። መዳፌን አየሁ፣ አንገቱን አየሁ፣ እንደገና መዳፌን አየሁ። የአልቲንታሽ ቁጥር ነው።

የቦሎቄው ድስት ትዝ አለህ? በእህታችን ሠርግ ስታወራው ሙሽራው ሳቅ አንቆት ውሃ ያጠጡት? ምርመራ እየመጣባችሁ፣ ቫልቫችሁ ተሰንጥቆ፣ ከግምጃ ቤት ብትጠይቅ "መለዋወጫው እስኪመጣ መርከቧም አንተም ጡረታ ትወጣላችሁ" ያሉህ ጊዜ። አልቲንታሽ ቦይለሯን አጥፍታ ከጎናችሁ ታስራ ነበር፣ መርከበኞቿ የዋንጫ ጨዋታ ለማየት ቴሌቪዥኑ ስር ተኮልኩለዋል። አንተና ወጥ ሠሪው ያን ትልቅ ድስት በእንጨት ተሸክማችሁ "ለጎረቤት ቦሎቄ ይዘን መጣን" ብላችሁ ገባችሁ። "እህት ጥየቃ" ነበር የምትሉት። ቦሎቄው ስር የተሰነጠቀው የእናንተ ቫልቭ ነበር፤ የእህት ጥየቃ ሕጉ ባዶ ቦታ አለመተው ነው፣ ጥሩውን ወስደህ መጥፎውን በቦታው ታስራለህ፣ እንዳይታወቅ በላዩ ቀለም ትለቀልቅበታለህ። ስትመለሱ የአልቲንታሽ በር ላይ የቆመው ዘበኛ "ድስታችሁ ባዶ ሆኖም ይከብዳል?" ሲልህ "የእናንተ ምስጋና ከበደን" አልከው። ይህን የሰማነው ሁላችንም የጨመርክበት መስሎን ነበር። ወንድም ጋሼ፣ እውነት ነው። ቫልቩ መጋዘኔ ውስጥ አለ። ጨምሮ ማውራት የእኔ ብቻ ጸባይ መሆኑ ተረጋገጠ።

ግን አስበው። የእሷ እዚህ ከተገኘ የእናንተ የት ነው ያለው?

እኔው ራሴ ለማየት ሄድኩ። እሑድ ጠዋት ቫልቩን በዱቄት ጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ እንደ ደንቡ በተሳፋሪው እጅ ላይ ሽቶ እያንጠባጠበ መጥቶ ጆንያው እግሩን መታው። "ምንድን ነው አጎቴ?" "የወንድሜ እቃ ነው።" "በጣም ይከብዳል እኮ!" "ወንድሜንስ ባየኸው!" አልኩት።

ታህሲን ቁልፉን ይዞ ጠበቀኝ። መሰላሉን ወረድን፣ እሱ ከኋላዬ ሆኖ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል፣ የሚፈራው ግን እሱ ነው። ታች ስንደርስ መብራት ሳያበራ በፊት ቆምኩ። ሽታው። አንተ ለፈቃድ ወደ አገር ቤት ስትመጣ ካፖርትህ ውስጥ የነበረው፣ እናታችን ከነሽታው ምስማር ላይ የምትሰቅለው። ነዳጅና ትኩስ ብረት እና ሌላ ስሙን የማላውቀው ነገር። እኔ እስከዚያ ቀን ያንተ የራስህ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

መብራቱ በራ። ከግራዋ ቦይለር ጎን፣ አንተ በጣትህ አየር ላይ እየሳልክ ታሳየን በነበረበት ቦታ ላይ ቫልቩ አለ። መዘውሩ ቀይ ነው። መፋቂያዬን አወጣሁና ቀለሙን ፋቅኩት። የክንድህ ቁጥር ወጣ። የዴሚርካያ። በገዛ ዓይኔ አነበብኩት፣ ማንም አላነበበልኝም። ያመጣሁትን ከጆንያው አውጥቼ ከጎኑ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ታህሲን ሁለቱን እያየ "የትኛው የማን ነው?" ይለኛል። እኔም "እሱን የሚያውቀው ማዶ ነው የሚኖረው" አልኩት።

እናም ዴሚርካያ ሙሉ በሙሉ አላለቀችም። አንተ በድስት የተሸከምከው አንዱ ይህ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንት እህት እንደጠየቅክ አንተ ታውቃለህ። ወርደህ አንድ በአንድ መለየት የምትችል አንተ ብቻ ነህ። ታህሲን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይጠብቃል፣ ከዚያ በያጅ ይጠራል። ሥራው ቀላል ነው አለኝ፤ ሰው ይዘህ ትወርዳለህ፣ ታወራለህ፣ ይዘህ ትወጣለህ። ማውራቱን ሳይከፈልህም ስታወራ ኖረሃል።

ከመርከቡ ወርጄ ወደ ቤትህ መጥቼ ነበር። ይህን እትዬ ናዚሬ ካልነገረችህ እኔ ልንገርህ። በረንዳው ላይ የገበታ ጨርቅ ስታራግፍ አየችኝ፣ እጇ ቀጥ አለ፣ ጮክ ብላ አልጠራችኝም። በሩ ላይ ደወሎቹ በረድፍ ናቸው፣ ከየአንዳንዱ ጎን ስም አለ። ጣቴን እያስኬድኩ ስምህ ላይ ደረስኩ። ስምህን ተጽፎ ሳነበው የመጀመሪያዬ ነው፤ በአባታችን ስም ያልቃል፣ እንደ እኔ። ደወሉን ልጫነው ጣቴ እላዩ ላይ ነበር። በኋላ ግን የማለዳው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሄድኩ። እሺ፣ የማታው ነው። ከማታው በኋላም ሌላ ነበር።

የአባታችን ምርቃት አንተ ላይ ይደር። ጉልበትህ ይጽናልህ፣ ምግብ ይጣምህ፣ ሌሊቱ እንቅልፍ ቀኑም ሥራ ይስጥህ። የእትዬ ናዚሬን እጅ ሳምልኝ። የጻፍኩት ቢያስቅህም ሳቅ፣ ቢያናድድህም ደውለህ ስደበኝ፤ ስድብህም ናፍቆኛል።

አንድ ነገር ግን ከላይ ዋሽቻለሁ፣ ይኸው ልንገርህና ልጨርስ። ሽታው እውነት ነው፣ ቫልቩ እውነት ነው፣ ረዳቱም እውነት ነው። ቀለሙን ግን አልፋቅኩትም። መፋቂያው እጄ ላይ ነበር፣ ታህሲንም "ፋቀው እንጂ" ብሎኝ ነበር። ቀለሙ እንደ ቅቤ ወፍሮ የተለቀለቀ ነው፣ ያንተ አቀባብ ይመስላል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከስሩ የክንድህ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ከአንተ በኋላ ቀይረውት ይሆናል። ካንተ በፊት ላነበው አልፈለግኩም። መፋቂያውን መዘውሩ ላይ አንጠልጥዬልህ ወጣሁ።

ታናሽ ወንድምህ